‹‹ሄሳፕ›› ስንል ሂሳብ መጣልን

‹‹ቋንቋውን ሳታውቁ እዚያ ሄዳችሁ ምን ልትሠሩ ነው?›› ኢስታንቡል ልንሄድ መሆኑን የሰማ ሁሉ የጠየቀን ይህንኑ ነው። ዘመዱም፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባውም፣ የሰፈሩ ባለሱቅም። ምን ልታዩ ነው፣ የት ልታርፉ ነው ያለን የለም። ሰዉ ሁሉ የተጨነቀው ለምላሳችን ነበር።

ጭንቀቱ ምክንያት አለው። የእኛ ሰው የሚጎበኘውን አገር የሚመርጠው በባሕሩ ወይም በሙዚየሙ ሳይሆን በተቀባዩ ነው። ዋሽንግተን አክስት ትኖራለች፤ ዱባይ ዴራ ላይ እንጀራም አማርኛም ይገኛል፤ ሮም አብሮ አደግ አለ። ኤርፖርት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው የሌለበት ከተማ ትራንዚት የሚያደርጉበት እንጂ የሚሄዱበት ከተማ አይመስለንም። ለጫጉላ የሚሄዱ ሙሽሮች እንኳ ‹‹እዚያ ማን አላችሁ?›› መባላቸው አይቀርም።

እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ ባልና ሚስት፣ ወይም ወደዚያው እያመሩ ያሉ ጥንዶች፣ አቅሙ ከተገኘ አንድ ጊዜ እንኳ ማንም ወደማይቀበላቸውና ቋንቋውን ወደማያውቁት ከተማ ሁለት ብቻቸውን ይሂዱ። ለፎቶው አይደለም፤ ፎቶ ቢሾፍቱም ይነሳል። ቋንቋ ማጣት ሰውን ምን እንደሚያደርገው በራስ ላይ ካላዩት አይገባም። አማርኛውን እንደ ውሃ እየጠጣን አዲስ አበባ ላይ ላደግን ልጆች ደግሞ ይህ ትምህርት ከማንም በላይ ያስፈልገናል።

‹‹አቅሙ ከተገኘ›› ያልነው እያወቅን ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻግሯል። ቪዛውም የራሱ ጣጣ አለው። እኛ ሰባት ሌሊት ለማደር ሁለት ዓመት ቆጥበናል። ስለዚህ ‹‹ተነሡና ሂዱ›› ብለን ልንፎክርባችሁ አይደለም። ገንዘቡ ከተቆጠበ ግን የሚወጣበትን ቦታ ፍርሃት አይምረጥላችሁ ነው የምንለው።

እንግዲህ ወደ ምላሱ ጉዳይ እንምጣ። ከመሄዳችን በፊት ሃያ ያህል የቱርክ ቃላት ጽፈን ፍሪጃችን በር ላይ ለጥፈን ነበር። ‹‹ሜርሃባ›› ሰላምታ ነው፤ ‹‹ሉትፌን›› እባክህን፤ ‹‹ቴሼኩር ኤዴሪም›› አመሰግናለሁ፤ ‹‹ዮክ›› የለም። ታዲያ ገና በቃላት ደረጃ ሳለን አንድ ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። ቱርክኛ ለአማርኛ ተናጋሪ እንደሚፈራው ባዕድ አይደለም።

መጀመሪያ ነገር ፊደሉ ይነበባል። ቱርኮች ለዘመናት የጻፉት በዐረብ ፊደል ነበር፤ በ1928 (እ.ኤ.አ.) በኋላ አታቱርክ የተባሉት ሙስጠፋ ከማል በላቲን ፊደል አስቀየሩት። ለውጡ ለአገሬው ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጎደለ የታሪክ ሰዎች ይከራከሩበት፤ ለእንደኛ ዓይነቱ እንግዳ ግን በረከት ነው፤ የተጻፈውን ባንረዳውም ጮክ ብለን ማንበብ እንችላለን። ‹‹ሲ›› የምንላት ፊደል እነሱ ዘንድ ‹‹ጅ›› ናት፤ ከሥሯ ጭራ ስታበቅል ‹‹ች›› ትሆናለች። ‹‹ኤስ››ም ጭራ ካወጣች ‹‹ሽ›› ናት። ፈረንጆች ምላሳቸው የሚተሳሰርባት፣ አናቷ ላይ ነጥብ የሌላት ‹‹አይ›› ደግሞ የእኛው ሳድስ ናት ማለት ይቻላል፤ ‹‹ብር›› ስንል ከ‹ብ› ጋር የምትወጣዋ ድምፅ። እንግሊዛዊው ጎረቤታችን ካድኮይ የሚለውን የሰፈር ስም ‹‹ካዲኮይ›› እያለ ሲያንገላታው እኛ እንደ አገሬው ጠራነው።

ሁለተኛው የዓረፍተ ነገሩ አካሄድ ነው። ‹‹ሱ ኢስቲዮሩም›› ማለት ‹‹ውሃ እፈልጋለሁ›› ነው፤ ‹‹ሱ›› ውሃ፣ ‹‹ኢስቲዮሩም›› እፈልጋለሁ። ግሱ መጨረሻ ላይ፣ ‹‹እኔ›› የሚለውም ግሱ ውስጥ ተሸጉጦ! እንግሊዝኛ ስንማር ስንት ዓመት የተኮረኮምንበትን የቃላት መገለባበጥ ቱርክኛ አልጠየቀንም። ደግሞም አንተና አንቱ አለው፤ ‹‹ሴን›› እና ‹‹ሲዝ››። እንግዳ ሰው ሽማግሌውን ሁሉ ‹‹ሴን›› ቢል ግን ማንም ባለጌ አይለውም። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ሦስተኛው የጋራ ቃላቱ ናቸው። ጋዜጣው ‹‹ጋዜቴ›› ነው፤ ፋብሪካው ፋብሪካ፣ ቢራው ቢራ፣ ሰዓቱ ‹‹ሳአት››። ብርቱካን ‹‹ፖርታካል›› ይባላል፤ የእነሱም የእኛም ስም የተነሣው ከፖርቱጋል ነው። አያቶቻችን ፍንጃል የሚሉት የቡና ሲኒ ‹‹ፊንጃን›› ነው። ‹‹ሎካንታ›› የሚል ታፔላ ስናይ ሥጋ የተሰቀለበት ቤት ጠብቀን ነበር፤ ገብተን ያገኘነው በትሪ የተደረደረ የአትክልት ወጥ፣ ሩዝና የባቄላ ሾርባ ነው። የእነሱ ሎካንታና የእኛ ሉካንዳ የአንድ የጣልያንኛ ቃል ልጆች ናቸው፤ አንዱ ምግብ ቤት ሆነ፣ አንዱ ሥጋ ቤት።

እዚያው ሎካንታ በልተን ስንጨርስ አስተናጋጁን እንዴት እንጥራው ብለን ስንመካከር፣ አንዳችን ተስፋ በቆረጠ ድምፅ በአማርኛ ‹‹ኧረ ሂሳብ!›› አልን። ልጁ እየሮጠ ሂሳቡን ይዞ መጣ። ለካስ እነሱም ‹‹ሄሳፕ›› ነው የሚሉት። ቃሉ ከዐረብኛ ተነሥቶ አንዱ እግሩ ወደ ሰሜን፣ አንዱ እግሩ ወደ እኛ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ‹‹ሄሳፕ›› ስንል ሂሳብ እየመጣልን ሰባት ቀን በላን። ስንወጣ ደግሞ ከፍሪጁ በር የተማርናትን ‹‹ኤሊኒዜ ሳልክ›› አልን፤ ‹‹ለእጃችሁ ጤና›› እንደማለት ነው፤ በእኛው ‹‹እጃችሁ ይባረክ››። ወጥ ሠሪው ከጓዳ ወጥቶ ጨበጠን።

እስካሁን የነገርናችሁ የሚያምረውን ነው። የሚያስቸግረው ቃል ሳይሆን ቃል የሌለበት ቦታ ነው። እኛ ‹‹አዎ›› ለማለት ቅንድባችንን ከፍ አድርገን ትንፋሽ ወደ ውስጥ እንስባለን፤ ‹‹ህእ!›› እንላለን። ቱርኮች ደግሞ ‹‹አይሆንም›› ለማለት ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው በምላሳቸው ‹‹ጭ›› ያደርጋሉ። ኤሚኖኑ ወደብ አጠገብ ሻይ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ወገቧ በቀጠነችው ብርጭቆ ቀድተውልን ‹‹ሼኬር?›› አሉን፤ ስኳር ማለታቸው ነው። ሁለታችንም በደስታ ቅንድባችንን ሰቀልን። ሽማግሌው ስኳሩን አነሱት። እንደገና ጠየቁን፤ እንደገና ሰቀልን፤ እንደገና አነሱት። መራራ ሻይ ጠጣን። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰነፈም፤ ሁለት አገር አንድ ቅንድብ ላይ ተጋጨ እንጂ።

እኚሁ ሰው ከየት እንደመጣን ጠየቁን። ‹‹ኢትዮጵያ›› ስንል ጥቂት አሰቡና ‹‹ሀበሽ! ሀበሺስታን!›› አሉ። ቀጥለውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ‹‹ቢላሊ ሀበሺ›› አሉን፤ የእስልምና የመጀመሪያው ሙአዚን ቢላል፣ ሀበሻው ቢላል ማለታቸው ነው። በማግሥቱ ታክሲ ነጂው ደግሞ ‹‹ኤልቫን!›› ብሎ በእጁ የሩጫ ምልክት አሳየን፤ ኢትዮጵያ ተወልዳ ለቱርክ የሮጠችውን፣ በ2004 (እ.ኤ.አ.) የ5,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችውን ኤልቫን አበይለገሠን ማለቱ ነው። ከሁለቱ ሰዎች ጋር ያደረግነው ጭውውት አንድ አንድ ስም ብቻ ነበር። ቢሆንም ስንወጣ የተጨዋወትን ያህል ተሰምቶናል።

አሁን ወደ ሁለታችን። በየጥንዱ ውስጥ አፍ የሆነ ሰው አለ። አስተናጋጅ የሚጠራው፣ ከታክሲ ረዳት ጋር በመልስ የሚከራከረው፣ አከራይ ሲመጣ በር የሚከፍተው፣ ዘመድ ጋ የሚደውለው እሱ ነው። ሌላው ከኋላ ቆሞ ቦርሳ ይይዛል። እኛም ቤት እንዲሁ ነው፤ ማን ማን እንደሆነ የቤታችን ምስጢር ይሁንልን። ኢስታንቡል ላይ ይህ ሥልጣን በአንድ ቀን ተገለበጠ። የአፈኛችን ብልሃት ሁሉ፣ ቀልዱም፣ ማባበሉም፣ መቆጣቱም፣ አማርኛ ውስጥ ነበርና ድንበር ላይ ቀረ። ዝምተኛችን ግን ያጣው ነገር አልነበረም። ዕድሜውን ሁሉ ሰው ፊት ሲያነብ የኖረ ነው። የየትኛውን ትራም ሰው ተከትለን እንደምንገባ የሚያውቀው እሱ፣ ዕንቁላል ለማዘዝ እንደ ዶሮ የሚያስካካው እሱ፣ ናፕኪን ላይ ካርታ የሚስለው እሱ።

ካፓል ቻርሽ በሚባለው ጣሪያ ያለው አሮጌ ገበያ የሆነውን ስሙ። ዝምተኛችን አንድ የአንገት ልብስ ወደደ። ነጋዴው ዋጋውን ካልኩሌተር ላይ ጻፈለት። ዝምተኛችን ካልኩሌተሩን ተቀብሎ ግማሹን ጻፈና መለሰለት። ነጋዴው ግንባሩን መታ። ዝምተኛችን ፈገግ ብሎ ሦስት እርምጃ ሄደ። ተጠራ። እንደገና ተጻፈ። ሻይ መጣ። በመጨረሻ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተጨባበጡ፤ ከመካከላቸው አንድ ቃል አልወጣም። መርካቶ ስንሄድ ‹‹አንተ ዝም በል፣ ዋጋ ታስጨምርብናለህ›› የሚባለው እኮ ይኸው ሰው ነው! ሦስት ዓመት አብረን ኖረን ያላየነውን ችሎታ ያየነው ቋንቋ ስናጣ ነው። ለጥንዶች ሂዱ የምንልበት አንደኛው ምክንያት ይህ ነው። እቤት ውስጥ ማን እንደሚናገር የሚወስነው ማን እንደሚያውቅ ሳይሆን ልማድ ነው፤ ልማዱን ደግሞ እዚያው ቤት ተቀምጦ ማየት ከባድ ነው።

ስለ ጠቡም እንንገራችሁ፤ ጠብ የሌለበት የጥንዶች ጉዞ የሰማችሁ እንደሆነ አትመኑ። አዲስ አበባ ላይ ጥንድ የሚጣላበት ቦታ የለውም። ታክሲ ውስጥ ብትነታረኩ ከኋላ ወንበር አስታራቂ ይነሣል፤ ቤት ውስጥ ብትጮኹ ግድግዳው ጆሮ አለው። ከካድኮይ ወደ ኤሚኖኑ በሚያሻግረው መርከብ ላይ፣ ከእስያ ወደ አውሮፓ እየተሻገርን፣ በየትኛው ትራም እንሂድ በሚል ጀምረን የሦስት ዓመቱን ሁሉ አወጣነው። ድምፃችንን ለቀን፣ በንጹሕ አማርኛ! ማን ይሰማናል ብለን ነዋ። ፊት ለፊታችን የተቀመጡ እናት ማንዳሪን ላጡና ለሁለት ከፈሉ። ግማሹን ለአንዳችን፣ ግማሹን ለሌላችን ሰጡን፤ ምንም ሳይናገሩ። አንዲት የአማርኛ ቃል አያውቁም፤ ነገሩን ግን ከእኛ በላይ ሰምተውታል።

በቋንቋ ማጣት የሚቀር ነገር እንዳለ አንክድም። አያሶፍያን ግቡና እዩት። በ537 (እ.ኤ.አ.) ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ተመረቀ፤ በ1453 መስጊድ ሆነ፤ በ1935 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ፤ በ2020 ደግሞ እንደገና መስጊድ ሆነ። ከ2024 ወዲህ የውጭ አገር ጎብኚ የላይኛውን ሰገነት ለማየት 25 ዩሮ ይከፍላል። እኛም ከፍለን ወጣን። ግሪክኛውንም ዐረብኛውንም አናነብም፤ ማንም በአማርኛ አያስረዳም። ከሁሉ ዓይናችን ላይ የቀረው እብነ በረዱ ላይ የተፈለፈለ ጭረት ነው፤ በጥንት ዘመን ከሰሜን አውሮፓ የመጣ አንድ ሰው በራሱ አገር ፊደል ስሙን የጻፈበት። ቋንቋ የሌለው እንግዳ ከጥንትም ነበረ ማለት ነው፤ ‹‹እኔም እዚህ ነበርኩ›› ለማለት ድንጋይ የፈለፈለ።

ጨዋታው ያለቀው በአራተኛው ሌሊት ነው። አንዳችንን ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ያዘን። ቱርክ ውስጥ መድኃኒት ቤት ‹‹ኤጅዛኔ›› ይባላል፤ በቀይ ‹‹ኢ›› ፊደል ታውቁታላችሁ። ሌሊት ተረኛ የሆነው የትኛው እንደሆነ በተዘጉት መስታወት ላይ ይለጠፋል። ተደግፈን ተረኛውን ፈልገን ገባን። ፋርማሲስቷ እንግሊዝኛ አታውቅም። ስልካችን ላይ ባለው አስተርጓሚ ‹‹ሆዴን ቆረጠኝ›› ብለን በአማርኛ ጻፍንና ቱርክኛውን አሳየናት። ሴትዮዋ ደነገጠች፤ ሆድ ላይ ደም ፈለገች። ‹‹ሆዴን በቢላዋ ተቆረጥኩ›› የሚል ነገር ሳያነብላት አልቀረም።

ከዚያ ያደረገችውን ነው ልንነግራችሁ የፈለግነው። ስልኩን ወደ ጎን አኖረችው። እጇን የራሷ ሆድ ላይ አድርጋ ፊቷን አጨማደደችና ‹‹እንዲህ ነው?›› በሚል ዓይን አየችን። ከላይ ነው ከታች፣ የሚያቃጥል ነው የሚጠመዝዝ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ፣ ሁሉንም በእጇ ጠየቀች። ከዚያም የመድኃኒቱ ካርቶን ላይ ፀሐይ፣ ጨረቃና ሳህን ሣለችልን፤ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ። አሥር ደቂቃ ያህል ፈጅቶባታል። ከኋላችን ሦስት ሰዎች ቆመው ነበር፤ አንዳቸውም አልተነፈሱም። አንድም ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አልጮኸችብንም።

ይህ የመጨረሻው ለምን ገረመን? እኛ አገር ቋንቋ ላልገባው ሰው የሚደረግለት የመጀመሪያ እርዳታ መጮህ ስለሆነ ነው። ከገጠር ሪፈር ተጽፎላት ልጇን ታቅፋ አዲስ አበባ ትልቅ ሆስፒታል የመጣችውን እናት አስቧት። አማርኛ አታውቅም። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው አንዴ ይጠይቃታል፣ ሁለቴ ይጠይቃታል፣ ሦስተኛውን ይጮህባታል፤ የጎደላት መስማት ይመስል። ሰልፉ ከኋላዋ ያጉረመርማል። ከጋሞ ወይም ከወላይታ መጥቶ ጫማ የሚጠርገው ልጅ ‹‹አንቱ›› ማለት ሲገባው ‹‹አንተ›› ቢል ስድ ይባላል፤ ወንዱን ‹‹አንቺ›› ቢል ሰፈሩ ይስቅበታል። ስንት ኮሜዲ አይተናል፤ ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ ሁልጊዜ አማርኛ የሚሰብሩት፣ ሁልጊዜም በዚያው የሚያስቁት ለምንድን ነው? ልጁ በሁለተኛ ቋንቋው ገንዘብ ይቆጥራል፣ ከደንበኛ ይደራደራል፣ ቤት ይከራያል። የሚስቅበት ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ቋንቋ ብቻ ነው የሚችለው።

በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ከአማርኛ ሌላ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ፖሊሲ አጽድቋል። ከሰማኒያ በላይ ቋንቋዎች ላሉበት አገር ቢዘገይ እንጂ አይበዛም። ነገር ግን መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው ትዕግሥት በፖሊሲ አይታዘዝም። የፋርማሲስቷ አሥር ደቂቃ ከየትኛውም አዋጅ አልመጣችም።

‹‹ለሽርሽር ሄዳችሁ ከስደተኛና ከበሽተኛ ጋር ራሳችሁን ታወዳድራላችሁ እንዴ?›› የሚለን ይኖራል። አናወዳድርም። ልዩነቱን በዓይናችን አይተነዋል። ቦሌ ኤርፖርት ወደ ጂዳና ወደ ቤሩት የሚሄዱ እኅቶቻችን ፎርም እንድንሞላላቸው ፓስፖርታቸውን ሰጥተውን ነበር። እነሱም ወደማያውቁት ቋንቋ ነው የሚሄዱት። እኛ ግን መመለሻ ትኬት ኪሳችን ውስጥ፣ የምንወደው ሰው አጠገባችን አለ። የእነሱ የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪያቸው እጅ ነው፤ ‹‹ሆዴን ቆረጠኝ›› ማለት ሲያቅታቸው ሥዕል የሚሥልላቸው መኖሩን ማንም አያረጋግጥላቸውም። ለእኛ ሰባት ቀን የቆየው ነገር ለእነሱ ኑሮ ነው። ስለዚህ ‹‹ተረዳናቸው›› አንልም። አንዲት ሌሊት ብቻ፣ በመድኃኒት ቤት መብራት፣ የበሩን ቀዳዳ ያህል አየን። ያቺም ብትሆን ከአማርኛ ሳይወጡ የምትታይ አይደለችም።

የምትሄዱ ከሆነ እንግዲህ ምክራችን አጭር ነው። ሃያ ቃል ሸምድዱ፤ ከሃያው አምስቱ ምስጋናና ምርቃት ይሁኑ። የአዎና የአይደለም ምልክታቸውን ከመብረራችሁ በፊት ጠይቁ። የሆቴላችሁን አድራሻ በአገሬው ፊደል አጽፋችሁ ያዙ። የሚያምማችሁንና የማይስማማችሁን መድኃኒት ቋንቋ በሚያውቅ ሰው አስተርጉማችሁ ወረቀት ላይ አኑሩ፤ ለሻይና ለገበያ ግን ስልኩን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። አንድ ቀን ሙሉ ደግሞ ዝምተኛችሁ ይምራ።

የማትሄዱ ከሆነም ትምህርቱ ቪዛ አይጠይቅም። በየቀኑ ጫማችሁን የሚጠርገውን ልጅ በቋንቋው ‹‹አመሰግናለሁ›› ምን እንደሚባል ጠይቁት። ስሕተት ስትናገሩ ይስቅባችኋል፤ ይሳቅ፤ ተራው ነው። ታክሲ ውስጥ አማርኛው የተሰበረ ሰው መውረጃውን ለመናገር ቃል ሲፈልግ ዓረፍተ ነገሩን አትጨርሱለት፤ ጠብቁት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ቸር ይግጠመን!